ደወሉን የሰሙ ሰዎች

በማተሚያ ቤቱ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ጋኔን ጎታቹ» ነበር የሚሉት። ቀን ቀን የሌላውን ሰው መጽሐፍ ፊደል ሲለቅም የሚውል አራሚ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ግን አስፈሪ ታሪክ ይጽፋል። ገጽ የሚያጥፉት ሴቶች የሱ መጽሐፍ በእጃቸው የገባ ቀን አንዱን ገጽ አጥፈው ሌላውን ያነቡና «አንተ ሰውዬ፣ ሽንት ቤት እንኳ ብቻችንን እንዳንሄድ አደረግከን እኮ!» ይሉታል። እሱም ይስቃል። ሰው አስፈርቶ መመስገን ደስ ይለው ነበር።

ከታሪኮቹ ሁሉ ስም ያወጣለት «ደወለኛዋ» የተባለው ነው። ደወለኛዋ ነጭ የለበሰች ነርስ ናት። ከከተማ ዳር ባለ የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ደወል ትደውላለች፤ ድምፁን ሰምቶ መስኮቱን ያልዘጋ ቤት ልጁን ያጣል። የልጆች ደም ትጠጣለችና። ይህንን ከባዶ አልፈጠረውም። ባደገባት ከተማ ልጅ ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት ወሬ ነበር፤ ከእናቱ አፍ የሰማውን ሥጋና ደም አልብሶ ጻፈው፣ በቃ። መጽሐፉ ሁለት ጊዜ ታትሞ አልቋል። አሳታሚው ሦስተኛውን እትም ለማሽን እያዘጋጀ ሳለ ነው ሴትዮዋ የመጣችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከታች ማሽኑ ሲነሳ የጠረጴዛው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ሃምሳ ዓመት ግድም የሚሆናት ደልዳላ ሴት በሩ ላይ ቆማለች፤ በቀኝ እጇ አንጓ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ፤ በብብቷ ሥር ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጋዜጣውን ፈታችው። የሱ መጽሐፍ ነው።

«ይህንን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ። ይግቡ፣ ይቀመጡ። እንዲፈረምልዎት ነው?» አለና ብዕሩን አነሳ።

«ፊርማዎ ምን ይሠራልኛል?» አለች ሳትቆጣ። «እኔ እዚህ ማዶ ባለው ሆቴል አንሶላ ተኳሽ ነኝ። ንባብም ብዙ አይሆንልኝ። የልጅ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ አልተኛ ብላ ስታለቅስ ነው፣ እስቲ ያስፈራሽን አንብቢልኝ ያልኳት። አነበበችልኝ።» የታጠፈውን ገጽ ገልጣ ጣቷን አሳረፈችበት። «እዚህ ላይ የልጆች ደም ትጠጣ ነበር ይላል።»

«ተረት ነው እኮ፣ እመቤቴ።»

«ከነዚያ ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። እሷ አልጠጣችም። የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ የሷን ውሃ።»

አራሚው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ወረርሽኙ የገባ ጊዜ አምስት ዓመቴ ነበር» አለች። «የታመመውንም፣ ከታመመ ጋር የኖረውንም ሰብስበው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስገቡን። አሥራ አራት ነበርን። እሷ ምንም አልነካትም፤ ወድዳ ነው የገባችው። ከገባች በኋላ በሩን በሰንሰለት ቆለፉት። ውሃና ምግብ በየጠዋቱ በአጥር ላይ ያቀብሉን ነበር። አንድ ጠዋት ውሃ የሚያመጣው ሰው ቀረ። ይታመም ይሽሽ፣ ዛሬም አላውቅም። በሱ ቦታ የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደወለች። በረንዳው ላይ የተማሪ መጥሪያ ብረት ተንጠልጥሎ ነበር። ጠዋት ትደውላለች፣ ቀትር ላይ ትደውላለች፣ ክንዷ ሲዝል አረፍ ትልና ደግማ ትደውላለች። ከተማው ሩቅ መስሎዎት ነው? የተሰጣ ልብስ እኮ ቀለሙ ሳይቀር ይታየን ነበር። እሷ በደወለች ቁጥር መስኮት ሲዘጋ አይቻለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የቀረችውን ውሃ ለልጆቹ በማንኪያ ታካፍላለች። አንቺስ ስንላት 'እኔ ቅድም ጠጥቻለሁ' ትላለች። በአራተኛው ቀን ደወሉ ጸጥ አለ። ከሌላ ከተማ ሐኪሞች መጥተው ሰንሰለቱን ሲቆርጡት ትንፋሽ ያለን ሦስት ልጆች ብቻ ነበርን። እሷ ብረቱ ሥር ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።»

አራሚው የታጠፈውን ገጽ አየ። «አወጣዋለሁ» አለ። «ከመጽሐፉ አወጣዋለሁ።»

«እሱን አይደለም የምልዎት። ካወጡትማ ጭራሽ ያልነበረች ሆና ቀረች። የሆነውን ይጻፉት።» ጋዜጣዋን አጣጥፋ ያዘች፣ መጽሐፉን ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ያን ቀን ሌላ መስመር ማረም አልቻለም። ፊደሉ ዓይኑ ላይ ይበተንበታል። ቤት ሲገባ እናቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ከጎናቸው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ነገር ማዳፈን አልሆነለትም።

«እማዬ፣ ደወለኛዋ እውነተኛ ሰው ነበረች እንዴ?»

የእናቱ ጣቶች ሰፌዱ ላይ ደረቁ።

«ማን ነገረህ?»

«ከልጆቹ አንዷ። በሕይወት አለች።»

እናቱ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። «አለች?» አሉ። «ተመስገን። አንዷ እንኳ…» ከዚያ ሰፌዱን መልሰው አነሱት።

«ባገባሁ በዓመቴ ነው። ሰው ሰውን የሚሸሽበት ጊዜ ነበር፤ የጎረቤት ሳል ሲሰማ በር ይቀረቀራል። ደወሉን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ያልሰማ የለም። አሁን አንዱ ይሄዳል፣ አሁን አንዱ ይሄዳል እያልን ሁላችንም ተጠባበቅን። በሁለተኛው ቀን አላስችል አለኝ። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልቼ ወጣሁ። አጥሩ የሚታይበት መታጠፊያ ድረስ ደረስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ተመለስኩ። አንተ በሆዴ ነበርክ። ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር።» ዓይናቸውን ከምስሩ አላነሱም። «ባልዲውን እዚያው መታጠፊያው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ያ ውሃ ማንን ያጠጣል? ማንንም አያጠጣም።»

«ታዲያ ደም ትጠጣለች የሚለው ከየት መጣ?»

«አንድ ሰው አይደለም ያመጣው። ልጆች አድገው 'ያ የፈረሰው ቤት ምንድን ነው?' ብለው ሲጠይቁ ምን እንበላቸው? ጥለናት ሞተች እንበል? አንዱ ጋኔን ሆነች አለ፤ ሌላው ደሙን ጨመረ። መስኮቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የሚያስፈራ ነገር ከሆነች መዝጋታችን ልክ ነበር ማለት ነው አይደል? አንተ ደግሞ…» ብለው ተዉት።

እሱ ደግሞ አሳትሞ ሸጠው። ባይሉትም ገብቶታል። ሊቆጣቸው ፈለገ፤ ግን በየት በኩል ይቆጣቸው? መታጠፊያው ላይ ባይመለሱ ኖሮ ዱካው ላይ የሚቀመጥ ልጅ ባልኖረ።

በማግስቱ አሳታሚው ዘንድ ሄዶ ሦስተኛው እትም ይቁምልኝ አለ። አሳታሚው ጭንቅላቱን ያዘ። «ወዳጄ፣ ሰው የሚገዛው ሊፈራ እንጂ ሊያለቅስ አይደለም!» ሲከራከሩ ዋሉ፤ በመጨረሻ ታሪኩ ባለበት እንዲቀር፣ እውነቱ ከሥሩ እንዲከተል ተስማሙ። አራሚው በዚያው ሳምንት መጻፍ ጀመረ። አሥር ጊዜ ጀምሮ አሥር ጊዜ ቀደደው። ሰው ማስፈራት የለመደ እጅ አልታዘዝ አለው።

እሁድ ጠዋት እናቱ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ቆሙ። «ሴትዮዋ ጋ ውሰደኝ» አሉት።

«ምን ልትያት ነው?»

«እኔ እንጃ። ውሰደኝ ብቻ።»

የሆቴሉ ልብስ ንጽሕና ክፍል ምድር ቤት ነው። እንፋሎቱ ፊት ይመታል፤ አንሶላው እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አንሶላ ተኳሿ ካውያዋን አቁማ አግዳሚ ወንበሩን ጠረገችላቸው። አሮጊቷ አልተቀመጡም።

«ሰምቼ ነበር» አሉ ቆመው። «ልጄ፣ እኔ ደወሉን ሰምቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ውሃ ይዤ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ።»

ሴትዮዋ የአንሶላውን ጠርዝ ይዛ ቀረች። «በሁለተኛው ቀን» አለች ቀስ ብላ፣ «ገና ዘጠኝ ነበርን።»

አሮጊቷ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። አራሚው ሊደግፋቸው ተነሳ፤ እናቱ በእጃቸው ተወኝ አሉት። በጎን ያለው ማድረቂያ ብቻ ይዞራል።

«ይቅርታ ብሎ መጠየቅ ያንሳል» አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ።

«ያንሳል» አለች ሴትዮዋ። «እሷን ወክዬ ይቅር ልልዎት ደግሞ አልችልም። አልላከችኝም።» ከዚያ ግን አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች። «ከመዘጋቱ በፊት ያውቋት ነበር?»

«እንዴት አላውቃት! ከኛ ቤት በሦስተኛው ነበረች።»

«መልኳ ምን ይመስላል?» ድምጿ ተለወጠ። «እኔ እኮ እጇንና ማንኪያውን ብቻ ነው የማስታውሰው። ስሟን እንኳ አላውቅም። እኛ 'እታባ' ነበር የምንላት።»

አሮጊቷ ስሟን ነገሯት። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው።

«አጭር ነበረች» አሉ አሮጊቷ። «እዚህ ጋ አትደርስም፣ ትከሻዬ ጋ። ፍንጭት ናት፤ ስትስቅ ታፍራለች፣ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስትራመድ ሁልጊዜ የረፈደባት ትመስላለች። ደግሞ ዘፈን ትወድ ነበር፤ ድምፅ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም፣ ነፍሷን ይማረውና!»

አንሶላ ተኳሿ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ትዘፍንልን ነበር!» አለች። «ሕልም እየመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩትም። እውነትም አያምርም ነበር።»

አራሚው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የማድረቂያው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ይጽፍ ጀመር። እናቱ አሻግረው አዩት።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ቀጭን፣ አጭር፣ ፍንጭት…»

«ቀጭን ማን አለህ? ሞላ ያለች ነበረች። ሰርዝ።»

ሰረዘ። ሁለቱ ሴቶች ስለ ፀጉሯ ጀመሩ።