በአዲሱ አምፖል የታዩት ፍሬዎች

ጣጣውን ሁሉ ያመጣው አዲሱ አምፖል ነው። ፀጉር አስተካካዩ የሱቁ ብርሃን ዓይኑን ስላስቸገረው ከመስታወቱ በላይ ኃይለኛ አምፖል ሰቀለ። አምፖሉም ከደንበኛ በፊት የእሱን ከንፈር አሳየው። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ነጣ ያሉ ፍሬዎች ተደርድረዋል፤ አያሙም፣ አያሳክኩም። ከእምብርቱ በታች ደግሞ፣ ለሰው በማያሳየው ቦታ፣ ሰሞኑን ቀያይ እብጠቶች ወጥተውበታል። ሁለቱን ደምሮ፣ ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ ሆኖ፣ የአባላዘር በሽታ ነው ብሎ ፈረደ። ሚስቱ የወለደች እህቷን ልታርስ ሄዳ፣ ከወር በኋላ መመለሷ ነበርና።

ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም። ወገቤን አሞኛል ብሎ ትራሱን ይዞ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ከተመ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ቀን የሰው ፀጉር ሲቆርጥ፣ ማታ ሲገላበጥ ከረመ። እሷም መጀመሪያ ወገብህን ልሽልህ ብላ ለመነችው፤ በኋላ ግን መጠየቁ ሰለቻት።

ሲብስበት ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ እድሜያቸው የገፋ፣ እግራቸው አብጦ የጫማቸውን ተረከዝ ረግጠው የሚሄዱ ሴት ናቸው። አዩት፣ ደም አስወሰዱት፣ በማግስቱ ጠሩት። የከንፈሩ በሽታ አይደለም፣ ብዙ ሰው ያለው የቅባት እጢ ነው፣ ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም አሉት። የታችኛው ሲላጩት ወደ ውስጥ ተጠማዝዞ የበቀለ ፀጉር ነው። የደሙም ውጤት ምንም የለበትም።

«ለመሆኑ እንዴት ነው የምትላጨው?»

ለደንበኛ በሙቅ ውሃ አለስልሶ፣ በአዲስ ምላጭ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ነው የሚላጨው። ለራሱ ሲሆን ግን ደክሞት ስለሚገባ፣ በደነዘ ምላጭ፣ በደረቁ፣ ከታች ወደ ላይ ይፍቀዋል። ሥራውን ሲነግራቸው ነርሷ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እስኪድን ምላጭ እንዳይነካው፣ ከዚያ በኋላ ራሱን እንደ ደንበኛ እንዲቆጥር መከሩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች። ሸክም የወረደለት ያህል ቀሎት ሁሉንም ዘረገፈላት። እሷ አገጩን ይዛ፣ እሱ ደንበኞቹን እንደሚያደርገው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«እነዚህን እኮ ከተጋባን ጀምሮ አውቃቸዋለሁ» አለችው። «አሥራ አራት ዓመት። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

አገጩን ለቀቀችው።

«ከየት ያመጣኋቸው መስሎህ ነው?»

ብትጮህበት በወደደ። አፍሮ አቀርቅሮ ቀረ። እሷ ተነስታ ትራሱን ከሶፋው አነሳችና መኝታ ቤት ወስዳ አልጋው ላይ አኖረችለት፤ ይኼኔ ነፍሱ መለስ አለች። ስትመለስ ግን የራሷን ትራስ ታቅፋ ነበር። ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔም ወገቤን አሞኛል» አለችና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።