የአሥር ሰዓት እራት

ቅዳሜ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ያረጋል ማንኩሳ ካለው ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሚስቱን ጠራት።

«ዓባይ፣ ያን ቀሚስሽን ልበሺ። ፍኖተ ሰላም ወርደን እራት ልጋብዝሽ። ከዚያ ሙዚቃዊ ቴአትር እናያለን።»

ዓባይነሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«እራት በአሥር ሰዓት? የማን አገር እራት ነው?»

«ቴአትሩ በአሥራ አንድ ተኩል ነው የሚጀምረው። ከመሸ ደግሞ መመለሻ ባጃጅ የለም።»

ያረጋል ከቡሬ ወደ ነቀምት እህል የሚያመላልስ የኢሱዙ ሹፌር ነው። መንገድ ላይ የሚበላው የሆቴል ምግብ አንገሽግሾታል፤ ቤቱ ሲገባ የሚሻው ሽሮ ብቻ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን እንኳ ውጭ እንብላ ብሏት አያውቅም። ዓባይነሽ እጇን ታጥባ ስልኳን ብትፈልገው ከቦታው የለም።

«አምለሰት ቤት ቻርጅ ላይ ነው፤ ተይው» አለ ከኋላዋ።

ልቧ ድንግጥ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ክንዱ ወደ ሰሜን ዘምቶ ከመስከረም ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ጦርነቱ ቆመ ከተባለ ሦስተኛ ወር ሊደፍን ነው። አብረውት ከሄዱት አንዳንዶቹ ደውለዋል፤ የአንዳንዶቹ ቤት ደጃፍ ደግሞ ድንኳን ተተክሎበታል። እናትና አባት የላቸውም፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። መርዶው ቢመጣ የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ ማንኩሳ ውስጥ ከዓባይነሽ በላይ የሚያውቅ የለም። አልቃሽ ናት፤ ማንም ሳያስተምራት ከለቅሶ ለቅሶ እየሰማች የለመደች። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይመክራሉ። የሐዘንተኛው ስልክ ይሰወራል። ማታ በሆነ ሰበብ ጥሩ ምግብ እንዲበላ ይደረጋል፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርማ። ከዚያ እንቅልፉን ይተኛል፤ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። አምና የእህተ ማርያም ባል ሲሞት፣ ዋዜማውን ወጥ ይዛ ሄዳ እየሳቀችና እየቀለደች ያጎረሰቻት ዓባይነሽ ራሷ ነበረች። በማግስቱ ማለዳ የመጀመሪያውን ሙሾ ያወረደችውም እሷው።

ቀሚሱን ለበሰች። ከላይ ጥቁሩን ሻሽ አሰረች። ያረጋል አይቶ ምንም አላለም። ዝም ማለቱንም ያዘችበት።

በሩ ላይ ጎረቤታቸው አምለሰት ልጆቻቸውን ልትወስድ ቀድማ ቆማ ነበር። «ሂጂ ተዝናኚ እቴ! እኔው ጋ ያድራሉ፣ አታስቢ» አለች። ያድራሉ? አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ገብርኤል አገኟቸው። መስቀል አሳልመው፣ «ብሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ። እግዜር ያበርታችሁ» አሉ።

«ለምኑ ነው የሚያበረታን፣ መምሬ?»

«ለሁሉም ነው እንጂ፣ ልጄ» ብለው ቸኩለው አለፉ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ያረጋል ሸክላ ጥብስ አዘዘ። ከሥሩ ፍም ተደርጎለት እየተንጣጣ መጣ። ጠቅልሎ አጎረሳት። ወደ ጉንጯ አድርጋ ያዘችው፤ አልዋጠችም። ፊቱን ሲያዞር በሶፍት ተፋችው። ሌላ ጠቀለለ። ያረጋል እንዲህ ሲያጎርሳት ከሠርጋቸው ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። በልቧ አንድ ነገር ወሰነች፤ ካልበላች አይነግሯትም፤ ካልነገሯት ክንዱ አለ።

«ምነው፣ አልጣመሽም?»

«ጠግቤያለሁ።»

«ከመቼው! ቁርስሽን እንኳ አልበላሽም።»

«ይኸን ያህል ስለ ሆዴ ማሰብ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ያረጋል ሳቀ። ሳቁ የራሷን ሳቅ መሰላት፤ ያን ዕለት እህተ ማርያም ፊት የሳቀችውን። የተረፈውን ጥብስ አስጠቅልሎ በፌስታል ያዘው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከቡሬ የመጣው የኪነት ቡድን የሚያሳየው፣ ለንግድ ወደ ወለጋ ተሻግሮ ስለቀረ ሙሽራ ነው። ያረጋል ዘፈኑን በእግሩ እየመታ ይከተላል፣ በየመሃሉ ግን በጎን ያያታል። የምታለቅስ መሆኗን ነው የሚያጣራው፣ አለች በሆዷ።

ከዚያ መድረክ ላይ ሽማግሌዎች መጥተው ለሙሽሪት መርዶ ነገሯት። ተዋናይዋ በማሲንቆ ሙሾ ጀመረች። ዓባይነሽ አልቻለችም፤ ተነሣች።

«ክንዱ የእናቴ ልጅ፣ አዝዬህ ስመላለስ፣
የትኛው ድንጋይ ነው፣ የሆነልህ ትራስ?»

ተዋናይዋ ዝም አለች። ማሲንቆ መቺው ግን ዜማዋን ተቀብሎ ተከተላት። ሰዉ የቴአትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። «ውይ፣ ይቺስ ከሁሉም በለጠች!» አለ ከኋላ አንዱ። ያረጋል አቅፎ ወደ ደጅ አወጣት።

«ምን ሆነሻል?»

«ንገረኝ! ጎህ እስኪቀድ አትጠብቅ። የት ወድቆ ነው?»

ያረጋል ጥቂት አፍጥጦ አያትና ግንባሩን ያዘ። «ክንዱን ነው? ኧረ በማርያም! ስለሱ የሰማሁት የለም። እኔ ልሙት!»

«ስልኬስ?»

«ትናንት ባትሪው አለቀ ያልሽው አንቺ! የኛ ቤት መብራት ጠፍቶ አምለሰት ጋ ሰካሁት።»

«መምሬስ?»

«ቴአትር ማየት ነውር እንዳይሆን ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ሌሊት ሌሊት ስትገላበጪ እሰማሻለሁ፣ ዓባይ። አንድ ምሽት እንኳ ትርሺው ብዬ ነው። አንቺ ዜማ ትወጃለሽ።»

አላመነችውም። እህተ ማርያምም ያን ማታ ሁለት ጊዜ ጠይቃት ነበር፤ ዓባይነሽ ሁለቱንም ጊዜ ምንም የለም ብላ በማርያም ምላላታለች።

ሌሊቱን በሩን እያየች ተቀመጠች። ጎህ ቀደደ። ዶሮ ጮኸ፣ ደወል ተደወለ፣ ፀሐይ ወጣች፤ በሩን ያንኳኳ የለም። ያኔ ፌስታሉን ፈታ የቀዘቀዘውን ጥብስ ቆማ ጨረሰችው። ያረጋል አልጋው ላይ ሆኖ እያያት ነበር። «ማታ ሲሞቅ ይሻል ነበር» አላት።

የካቲት 14 ቀን ክንዱ ከአንድ ሆስፒታል ደወለ። እግሩ ቆስሎ ነበር እንጂ ደኅና ነው።

ያረጋል በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በቆሎ ጭኖ ወደ ነቀምት ሲወርድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ምሽት ላይ አምለሰት ዶሮ ወጥ ይዛ መጣች። ዓባይነሽ እየተጫወተች በላች፤ ጨምሪልኝም አለቻት።