ከወለሉ በታች ያለው መስመር

አትክልት ከገፈርሳ ግድብ የሚበልጥ ውኃ አይታ አታውቅም። ቢሆንም አራት ዓመት ሙሉ፣ ቡራዩ በተከራየችው ቤት ተቀምጣ፣ አንድ የውጭ መርከብ በድምፅ ሞገድ የመዘገበውን የውቅያኖስ ወለል ስትመረምር ኖራለች። ከወለሉ በታች፣ ወለሉን እየተከተለ የሚሄድ፣ ሞገዱ ግን የተገለበጠ መስመር አገኘች። እንዲህ ያለው መስመር በበረዶ ውስጥ የታሰረ ጋዝ ምልክት ነው። የዶክትሬት ጽሑፏ በሙሉ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የማስረከቢያው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞላት ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ያበቃል።

ጠዋት የመዝገቡን መግለጫ እንደገና ስታነብ፣ መሣሪያው መቅዳት የጀመረው ድምፁ ከተለቀቀ ከ0.2 ሰከንድ በኋላ መሆኑን አየች። ይህን ቁጥር ድምፁ ደርሶ ለመመለስ በሚወስደው ጊዜ ላይ ደምራው አታውቅም። አሁን ደመረችው። 0.6 የነበረው ወለል 0.8፣ 1.4 የነበረው መስመር 1.6 ሆነ። በሌሎች ሃያ ቦታዎች ሞከረች፤ በሁሉም መስመሩ የወለሉ ልክ እጥፍ ነው።

ባሏ ቢንያም የተጠረዙትን ቅጂዎች ታቅፎ ገባ። «መርከበኛዋ! ታክሲው ቆሟል፣ ተነሺ እንጂ!»

«ቢኒ፣ ጋዝ የለም። ድምፁ ከወለሉ ተመልሶ የውኃውን ገጽ መታ፤ እዚያ ተገልብጦ ወረደና ወለሉን ደግሞ መታው። አራት ዓመት ያየሁት ማሚቶ ነው።»

ቢንያም ሾፌሩ እንዳይሰማ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ማን ያውቃል ታዲያ?»

«የሚያርመው ሰው መደመር ይችላል።»

ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ቢንያም ቅጂዎቹን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። አትክልት ወደ ስክሪኑ ዞራ ሃያ ሁለተኛውን ቦታ ለካች። እሱም እጥፍ ነበር።