የሰባቱ አርባ

ሲኞር ኦታቪዮ ልብ ወለዳቸውን ለመጨረስ የቀራቸው አንድ ገጽ ነው። ለአስታማሚያቸው ለተብለጽም የቀራት አንድ ፊርማ ነው፤ የሳቸው። የሥራ ኮንትራቷን ከፈረሙላት ሰኞ ፔርሜሶዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ታሳድሳለች። ካልፈረሙላት ተመልሳ ስደተኞች በታጨቁበት ሕንፃ፣ በሰላም ፓላስ፣ ኮሪደር ላይ ፍራሽ መፈለግ ነው። አምስት ዓመት ኖራበታለች። ይበቃታል።

ሽማግሌው ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ከገበያው በላይ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ጧት ታጥባቸዋለች፣ ከሰዓት መድኃኒት ትሰጣቸዋለች፣ በመሃል እሳቸው የመጽሐፋቸውን ታሪክ ይግቷታል። ታሪኩ የምጽዋ ነው፤ ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ባለ ሰሞን፣ በፈረንጅ 1890። ሰባት ነጋዴዎች ይታሰራሉ፣ ከዚያ ደብዛቸው ይጠፋል። መርማሪው የእስር ቤቱ ሹም፣ የሲኞር ኦታቪዮ የገዛ አያት ነው።

"አሎራ፣ ታዲያ ማን ገደላቸው?" አለቻቸው አንድ ቀን፣ ካልሲ እያጠለቀችላቸው።

"ማንም! ምስጢሩ እሱ ነው። አያቴ ንጹህ መሆናቸውን ደርሶበት በድብቅ ለቀቃቸው። ኖቬምበር ሰላሳ። ማስታወሻው ላይ በእጁ ጽፎታል።"

"ደግ ሰው ነበሩ በሉኛ።"

"እንደኔ።"

"እርስዎማ ትናንት ሾርባ ደፍተውብኛል።"

ሳቁ። ከዚያ ከአያታቸው ሳጥን አንዲት የወየበች ወረቀት አወጡ፤ በአማርኛ የተጻፈች። ማስታወሻው ስለሷ "ከቄሱ የተቀበልኩት" ከማለት በቀር ትንፍሽ አይልም። የምስጋና ደብዳቤ ናት ብለው ካመኑ ሃምሳ ዓመታቸው።

"ተርጉሚና ፈርሚበት። የመጽሐፉ መዝጊያ ትሆናለች። ነገ ልጄ ኮንትራትሽን ይዛ ትመጣለች።"

ተብለጽ አማርኛን አስመራ፣ ትምህርት ቤት በልምጭ የተማረች ናት። ወረቀቷን መስኮት ጋ ወስዳ አነበበች። ደብዳቤ አይደለችም። ሰባት የክርስትና ስሞች ናቸው። ከመጀመሪያው ስም፣ ከወልደ ሥላሴ ጎን፣ በደቃቁ "ሰርፀ የሚባለው" ይላል። ሰርፀ በሹሙ ማስታወሻ የእስረኞቹ አለቃ ነው። ከስሞቹ በላይ ደግሞ፣ "አርባቸው ታኅሣሥ 21።"

እንዲህ ያለ ወረቀት እናቷ የሞቱ ጊዜ እሷም ጽፋለች። የሟች ክርስትና ስም ተጽፎ ለፍትሐት ለቄስ ይሰጣል።

በጣቷ አርባ ቀን ወደ ኋላ ቆጠረች። ቆጠራው ኅዳር ሚካኤል ላይ ወደቀ፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 20 ገደማ። ሹሙ ለቀቅኳቸው ካለበት ቀን ከሳምንት በላይ ይቀድማል። ቄስ እንዲህ ያለ ወረቀት በፈቃዱ አይሰጥም፤ ሹሙ ነጥቋቸው መሆን አለበት። ስሞቹ መቅደስ ሳይደርሱ እዚህ ሮም መጡ።

"ሲኞር፣ እነዚህ ሰዎች ሞተዋል። ይቺ የሙታን ጸሎት ወረቀት ናት። አያትዎ ለቀቅኳቸው ባሉበት ቀን መሬት ውስጥ ነበሩ። ሰባቱም በአንድ ቀን።"

ከታች የትራሙ ደወል ተሰማ።

"ቆጠራ ተሳስተሻል።"

"አርባ አንሳሳትም እኛ።"

"ምስጋና ብለሽ ጻፊ።"

"ኧረ ሲኞር!"

"ፔርሜሶሽ መቼ ነበር የሚያልቀው?"

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ሾርባ ሲጠይቁም እንዲሁ ነው።

ጻፈች። "እኛ ሰባታችን በሰላም ወደ አገራችን ስለለቀቁን እናመሰግናለን።" ከስሩ ስሟን ፈረመች። በማግስቱ እሳቸውም ኮንትራቷን ፈረሙ። ልጃቸው ጉንጯን ሳመቻት።

እሁድ ቤተክርስቲያን ሄደች። ሰባቱን ስም የገለበጠችበትን ቁራጭ ወረቀት ለአባ ገብረወልድ ሰጠቻቸው።

"በቁም ያሉ ናቸው የሞቱ?" አሏት።

ማንንም ሲጠይቁ እንዲህ ነው። ተብለጽ ግን በሰላም ሄደዋል ብላ ከፈረመች ገና አራት ቀኗ ነው።

"የሞቱ።"

"መቼ?"

"ቆይቷል አባ። አርባቸው አልወጣም።"

"ውይ! ሰባት ሰው? ምን አገኛቸው?"

መሬት መሬት አየች። አባ መነጽራቸውን አደረጉ።

"በይ ግድ የለም፤ ዛሬ በማይክሮፎን እጠራቸዋለሁ። ሕዝቡም ነፍስ ይማር ይበል።"

"በማይክሮፎን አይሁን!" ክንዳቸውን ያዘች። ለሲኞር ወሬ የሚያደርስ ሰው እንዳለ ዞር ብላ ከኋላዋ ቃኘች። "ቀስ ብለው ይጥሩልኝ አባ። ለብቻዎ። ፔርሜሶዬ እስኪወጣ።"