የቦዬ አዳር

ወንድሜን አብዱልሰመድን አንዲት ሌሊት ረግረግ ውስጥ ለማሳደር ያላሰብኩት ነገር አልነበረም። ስንቁን፣ ሸራውን፣ አጎበሩን፣ የወባ ኪኒኑን፣ ሁሉን በእጄ አሰናድቻለሁ። ጀልባው ቆሞ ጠበቀው፣ እሱ ግን ሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ፤ ይኸው እንደሄደ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሰሜን ዘምቶ ቀረ» እልና አልፋለሁ። ዛሬ ግን እነግራችኋለሁ፤ ብቻ መሀል ላይ አታቋርጡኝ፣ ካቋረጣችሁኝ ተነስቼ ነው የምሄደው።

ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ያኔ ጅማ ውስጥ ወንድ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ አልነበራትም። ኮታው እስኪሞላ ድረስ ልጁን ከሻይ ቤትም፣ ከኳስ ሜዳም፣ ከመስጊድ ደጅም እያፈሱ ይጭኑታል። አብዱል ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ነበር። ከሲታ ነው፤ ግን መለሎ ስለሆነ የትም ቢቆም ይታያል። አባታችን ሲሞት ገና በዳዴ ይሄድ ነበር፣ ሒርማታ ገበያ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም፤ እህቱ ልባል እንጂ ልጄ እሱ ነበር።

አፈሳው መቼ እንደሆነ የነገረን ጎረቤታችን ቱሉ ነው። ቱሉ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነበር። ጠመንጃውን አንግቶ ሲንጎራደድ ለማያውቀው ያስፈራል፤ እኛ ግን ምኑን እንፈራዋለን? ሲወለድ እናቱ ታማ ስለነበር እናቴ ሐጂራ ናት ጡቷን ያጠባችው፣ በእኛ ደንብ የጡት ወንድማችን ነው። ማክሰኞ ዕለት ሱሪ ላሳጥር ብሎ ሱቄ መጣና ሐሙስ ማታ ቤት ለቤት እንደሚገቡ፣ አርብ ጠዋት መኪናው ልጆቹን ይዞ እንደሚወጣ በሹክሹክታ ነገረኝ። ከዚያም ሱሪውን እዚያው ጥሎ ውልቅ አለ።

እንግዲህ ነገሩ የአንድ አዳር ነገር ነው ማለት ነው። አርብ ከሰዓት አጎታችን ሙሐዲን ከአጋሮ በቡና መኪናው ይመጣል፣ አብዱልን ጆንያ መሀል ሸጉጦ ይወስደዋል። አጋሮ አፈሳው ባለፈው ወር አልፏል፣ እዚያ እስኪዞሩ ጊዜ አለ። ሐሙስ ማታ ብቻ ቤት አይገኝ። ግን የት ይደር? የዘመድ ቤት ሁሉ ይፈተሻል። መውጫው ሁሉ ኬላ ነው።

ያኔ ነው ኦቦ ገመቹ ትዝ ያሉኝ። ኦቦ ገመቹ ቦዬ ረግረግ ውስጥ ሣር እያጨዱ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፣ የሣር መሸከሚያ ጆንያቸውን እኔ ነኝ የምጠግንላቸው። ከግንድ የተፈለፈለች ጀልባ አለቻቸው። ጨፌው መሀል ዛፍ የበቀለበት ጉብታ አለ፣ አጨዳ ሲበዛባቸው እዚያው ያድራሉ። ጉማሬውን ፈርቶ ወታደርም፣ ቀበሌም፣ ሌባም እዚያ አይገባም። ነገሩን ሳዋያቸው ሰሙኝና በኦሮምኛ «አምጪው» አሉኝ።

ከዚያ ዝግጅቱን ተያያዝኩት። ሽማግሌው እንዳሉኝ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ወዲያው መነሳት አለባቸው፣ ጀንበር ስትጠልቅ ጉማሬዎቹ ለግጦሽ ይወጣሉና ከዚያ ወዲያ ውሃው የሰው አይደለም። ጀልባዋ ሁለት ሰውና ትንሽ ጓዝ ነው የምትችለው። እሳት አይነድም፣ ጭሱ ከመንገድ ይታያል። ስለዚህ የሚበስል ነገር አይያዝም፤ እናቴ ድስት ሙሉ ወጥ ልትልክ ስትነሳ ተጣላኋት፣ የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽታ እንድትሰጠኝ ነገርኳት። ነጭ ሸሚዙን ደበቅኩና ካኪ ሸሚዝ ሰፋሁለት። ለአልቅት ጨው በጨርቅ ቋጠርኩ። ሸራ መግዛት ደግሞ ሰው ያጠራጥራል፤ የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ ሰብስቤ እርስ በርሱ ሰፋሁት። መርፌ የወጋው ቦታ ውሃ ያስገባልና ስፌቱን በሙሉ ሻማ እያቀለጥኩ ደፈንኩት። ሁለት ቀን ደንበኛ አላስተናገድኩም። እንዲህ ያለ ስፌት ለሙሽራም ሰፍቼ አላውቅ።

አብዱል ግን ሽርሽር አደረገው። ግቢ ውስጥ እናቴ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየቀዘፈ፣ ጉማሬው አማርኛ ይሰማል ወይስ ኦሮምኛ፣ ሰላምታውን አሁኑኑ ልለማመድ ይለኛል። አንተ ባለጌ፣ ሰው ይሰማናል እያልኩ አፌን ይዤ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከሳፋው ሲነሳ ግን ጠጋ አለኝና «ዘይቡ፣ ውሃው ጥልቅ ነው እንዴ?» አለ። ዋና አይችልም። ከደረትህ አያልፍም፣ ሽማግሌውን ጠይቄያቸዋለሁ አልኩት። አልጠየቅኩም ነበር። በነጋታው ሮጬ ሄጄ ጠየቅኩና ደረት ነው ሲሉኝ ነው የተነፈስኩት።

የቀረን የእናቴ ነገር ነው። ረቡዕ ማታ፣ ልጄ ያለ ዱዓ ከቤት አይወጣም አለች። እኛ አገር መንገደኛ ሳይመረቅ አይሄድም፣ ይሄን ማን ያጣዋል? መርካቶ ጨርቅ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ እንኳን ዱዓ ተደርጎለት ነው። ግን ይሄ ድብቅ ነው እማ፣ ብቻሽን ለምኚለት፣ አላህ ያንቺን አይሰማም ወይ አልኳት። እሺ አላለችኝም፣ እንቢም አላለችኝም፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ዘወር አለች። ዝም ስትል እሺ ያለች መሰለኝ።

ሐሙስ ረፋዱን አጎበር ልዋስ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ጓደኛዬ ፈድሊያ ዘንድ ሄድኩ። ስመለስ በራችን ላይ የተደረደረውን ጫማ አየሁ። የላስቲክ ጫማ፣ የቆዳ ጫማ፣ የሽማግሌ ነጠላ ጫማ፣ ሰርግ ያለ ነው የሚመስለው። እናቴ የሰፈራችንን ሽማግሌ ሼህ ቲጃኒን ብቻ ነበር የጠራችው። ሼህ ቲጃኒ መቼ ብቻቸውን ዱዓ ያውቃሉ፤ አሚን ባይ ያስፈልጋል። አሚን ባይ ሲጠራ ጎረቤት ይቀየማል፤ ጎረቤት ሲጠራ ጫት ይገዛል፤ ጫት ሲገዛ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም ለክፋት አልመጣም። ሁሉም ልጁን ወደው ነው የመጡት፣ ማንንም ልርገም ብል አጣሁ።

በጓሮ ገብቼ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አብዱል እንደ ደንቡ ሼህ ቲጃኒ ፊት ተንበርክኳል፣ የሳቸው እጅ አናቱ ላይ ነው። ዱዓ ተጀምሯል፣ የተጀመረ ዱዓ አይቋረጥም። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። እናቴ ጓዳው ውስጥ አጠገቤ ቆማ እንባዋ ኮለል ይላል፣ ደስ ብሏት ነው። ቶሎ ይጨርሱልኝ፣ ያ ረቢ፣ ቶሎ ይጨርሱልኝ ነበር የኔ ዱዓ።

የቱሉ አለቃ በመንገድ ሲያልፍ ጫማውን አየ። ያኔ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው። ቱሉን አስከትሎ መጣ። በር ሰብሮ ቢገባ፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ገባ። ጥግ ላይ ቁጭ አለ፣ እሱም መዳፉን ዘርግቶ ዱዓው እስኪያልቅ አሚን አለ። ቱሉ በሩ ጋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ሲያበቃ ሰውየው በትህትና፣ መንገደኛው ማነው ብሎ ጠየቀ።

የሼህ ቲጃኒ እጅ አሁንም አብዱል ራስ ላይ ነው። ሽማግሌው በቁርአን ፊት እንዴት ይዋሹ? አብዱል እጃቸውን ቀስ አድርጎ ከራሱ ላይ አወረደና ሳመው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ወዴት ነህ?»

ሰውየው መልሱን አልጠበቀም፤ ቁመቱን ወደ ላይ አየው። «በል ተነስ፣ መንገደኛ ከሆንክስ እኛው እንሸኝሃለን» አለው።

መኪና ላይ ጫኑት። እናቴ በባዶ እግሯ መኪናው ኋላ ሮጠች፣ ሻሿ መንገድ ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም። እኔ ቀበሌ ሄድኩ። ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ በር ላይ ተጋደምኩ። ዕድሜው አልደረሰም አልኩ፣ ይጥለዋል አልኩ፣ የሚጥል በሽታ የለበትም እኮ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ስሙ ኮታው ውስጥ ተመዝግቦ እንዳለቀ ነገሩኝ። ቱሉ ግድግዳው ጋ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ስሙን ጠራሁት፣ አልዞረም።

የአስር አዛን ሲል ኦቦ ገመቹ ትዝ አሉኝ። ሽማግሌው አደራ ብለው ጨለማ እስኪሆን አይነቃነቁም፣ ቢያዩዋቸው እሳቸውንም ይጭኗቸዋል። ቤት እንዳልገባ ደግሞ ቤት እናቴ አለች። ብገባ የምላትን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል፤ ከወጣ ደግሞ አይመለስም። ጎረቤት ከቧታል፣ ብቻዋን አይደለችም ብዬ ወደ ቦዬ ሄድኩ።

ሽማግሌው ሸራውን ጠዋት ወስደው ተክለውታል። ታፈሰ አልኳቸው። ጀልባቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ይውሰዱኝ፣ ቦታውን ልየው አልኩ። ከገባን ዛሬ መውጫ የለንም አሉኝ። እንደር አልኩ። የአባቴ እኩያ ናቸው፣ ሰውም ምን ይለኛል ብዬ አላሰብኩም፣ የፈለገውን ይበል።

ቄጠማውን እየሰነጠቅን ገባን። ጉብታው ከውሃው ከፍ ያለ፣ የደረቀ ነው። ሽማግሌው ለምለም ሣር አጭደው መኝታ አንጥፈውለታል፣ ቁመቱን ስለነገርኳቸው አርዝመው። ገብቼ ተኛሁ፣ እግሬ ጫፉን አይደርስም። እሳቸው ጀልባዋ ላይ አደሩ። ሌሊት ዝናብ ጣለ፣ ከስፌቴ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ከከተማው በኩል ውሻ ሲጮህ ይሰማል፣ ቤት ለቤት እየገቡ ነው። ወደኛ ማንም አልመጣም፤ ጉማሬው እንኳን በሩቅ አጉረምርሞ አለፈ። ምነው ዝናቡ ባፈሰሰ፣ ምነው ጉማሬው በመጣብኝ እያልኩ ሣሩን ነክሼ አለቀስኩ። ደህና ቦታ ነበር። ወላሂ፣ ወንድሜ እንቅልፉን ለጥ ብሎ የሚያድርበት ቦታ ነበር።

ጠዋት ቤት ስገባ እናቴ ሼህ ቲጃኒ የተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ አለች። ሴቶቹን ውጡልኝ አለቻቸው። አንድ ሌሊት ሰውን እንዲህ ያስረጃል ብሎ ማን ያምናል? ቀና ብላ አየችኝ። ጭቃዬን፣ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ሣር አየች። የት አደርሽ አላለችኝም።

«ቦታውን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ቢሄድ ኖሮ ይተርፍልኝ ነበር?»

መንገዱን ሙሉ ያሰናዳሁት ቃል ነበረኝ። አንቺ ነሽ፣ ዱዓሽ ነው፣ ነግሬሽ ነበር። የምጮህበትን ድምፅ ሳይቀር አውቀዋለሁ። እጇን አየሁት፤ ትናንት አሚን ሲባል እንደተዘረጋ፣ ጭኗ ላይ መዳፉ ወደ ላይ ነው፣ መሰብሰቡን ረስታዋለች።

«እማ፣ ምን ቦታ አለ» አልኳት። «ሌሊቱን ውሃ ሞልቶ አደረ፣ ጉማሬውም ወጥቶ ጉብታውን ረግጦታል። እኔን ዛፍ ነው ያተረፈኝ። እሱ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሬሳውን ነበር የምንፈልገው። ዱዓሽ ነው ያስቀረልሽ።»

ዱዓ እንዳበቃ ሰው መዳፏን ፊቷ ላይ አሳለፈች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እንኳንም አልሄደ።»

«እንኳንም አልሄደ» አልኳት።