ሂሱን ተቀብያለሁ

ሕዝቅኤል ዛሬ ዳይሬክተር ነው። ባሕር ዳር ካለው ትልቅ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣናን ወለል አድርጎ የሚያሳይ ቢሮ ተሰጥቶታል። መጋረጃውን ግን ከፍቶት አያውቅም። ለምን ሲሉት ፀሐዩን ያመካኛል።

የዛሬ አምስት ዓመት እሱና መርስዔ ኀዘን በመስኖ ክፍል አንድ ጠረጴዛ ይጋሩ ነበር። ባንድ ቀን ተቀጥረው፣ የቆጋን መስኖ ቦይ ለቦይ አብረው ዞረው፣ ካንድ ሳህን የበሉ ጓደኞች ናቸው። የመርስዔ አባት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከደሴቶቹ ባንዱ ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ ያን ዓመት ታመው አልጋ ያዙ። ወደ ደሴቱ የምትሻገረው ጀልባ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ እሷ ካመለጠች እስከ ሳምንቱ ሌላ የለም። ቢሮ የሚዘጋው ደግሞ ዐሥራ አንድ ተኩል ነው። "ሂድ እንጂ፣ እኔ አለሁልህ!" ያለው ራሱ ሕዝቅኤል ነበር። ሰው ሲጠይቅም "መስክ ወጥቷል" እያለ ይሸፍንለታል።

በመሐሉ የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነና ሁለቱም ተወዳደሩ። በግምገማው ዋዜማ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሙሉነሽ ሕዝቅኤልን አስጠርተው፣ "ሥራህ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው አትታገልም። ጓደኛውን የማይታገል መሪ አይሆንም" አሉት።

ግምገማ እንደሚታወቀው ነው። አንዱ ሌላውን ይተቻል፣ የተተቸው ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ብልጡ ሰው "ሻይ ሰዓት ያበዛል" ብሎ ይገላገላል። ሕዝቅኤል ግን እጁን አወጣና፣ "መርስዔ ኀዘን ዓርብ ዓርብ በሥራ ሰዓት ሐይቅ ይሻገራል" አለ። አሁን "የላክኸኝ አንተ አይደለህም ወይ?" ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ቢለው በተሻለው ነበር! መርስዔ ተነሣ፣ አንድ ጊዜ አየት አደረገው፣ "ሂሱን ተቀብያለሁ" ብሎ ተቀመጠ።

ሕዝቅኤል ተሾመ። "ሹመት ያዳብር!" ተባለ፣ ቁርጥ ተበላ። መርስዔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ከዚያ ወዲያ ካሥራ አንድ ተኩል በፊት ከወንበሩ አልተነሣም። በስድስተኛው ሳምንት መሪጌታ ዐረፉ። ጀልባ በመጣ ቁጥር "ልጄ አለበት?" ይሉ ነበር አሉ።

ሕዝቅኤል ልቅሶ አልደረሰም። ስብሰባ አለብኝ አለ፤ እውነቱ የጓደኛውን ፊት ማየት ፈርቶ ነው። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ደግሞ ቀን በቆጠረ ቁጥር መንገዱ ይረዝምበታል። መርስዔም ራሱ ጠይቆ ወደ ጎርጎራ ተዛወረ።

ባለፈው ወር ዳይሬክተሩ ለቁጥጥር ጎርጎራ ወረደ። ቁጥጥሩ እንኳ ሰበብ ነው። "በድዬሃለሁ፤ ስላባትህም እግዚአብሔር ያጽናህ" ሊለው ነበር፣ መንገዱን ሁሉ ሲለማመደው መጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ እንደማይታሽ ማን በነገረው!

ዓርብ ቀን ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ከቢሮው ሁለት ጠረጴዛዎች አንዱ ባዶ ነው። መርስዔ ብድግ አለ። ሸብቷል።

"መርስዔ፣ እንዴት ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ሰነበቱ?"

"ኧረ አንተ በለኝ!"

መርስዔ አልሰማውም። ሕዝቅኤል ባዶውን ጠረጴዛ ሲያይ እሱም ወደዚያው አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። ቶሎ ብሎ መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣ።

"ባልደረባዬ መቅደላዊት እናቷ ታመውባት እንፍራንዝ ሄዳለች። ዓርብ ዓርብ ቀደም ብላ ትወጣለች፤ እኔ ነኝ የላክኋት። በሷ ላይ ጥፋት እንዳይጽፉባት፣ ይኸው ፈርሜበታለሁ። ሂሱን ተቀብያለሁ።"

ሕዝቅኤል ወረቀቱን ተቀበለ። የአራት ወር ዓርቦች በተርታ ተጽፈው፣ ከያንዳንዱ ጎን የመርስዔ ፊርማ አለ። ያ ሁሉ የተለማመደው ቃል ጠፋበት። እንደ ምንም "አባትህ..." ብሎ ጀመረ።

"አባቴማ ዐርፈዋል" አለ መርስዔ፣ ነገሩን ለማያውቅ እንግዳ እንደሚነግር ሰው፤ "የሷ እናት ግን አሉ።"