የሐይቲ እሑድ

ሚርላንድን ሁለት ወር ሙሉ ለመንኳት። ጋሃና ከተማ ያለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አብረን እንሠራለን፤ የከበዱ አዛውንት ስናገላብጥ አንዱን ጎን እኔ፣ ሌላውን እሷ እንይዛለን። እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ልጆች አስተምራለሁ፤ በየወሩ አንድ አገር እናስተዋውቃቸዋለን። "ስለ ሐይቲ አንቺ ንገሪያቸው" ስላት እንቢ አለች። የሐይቲ ሰዎች የጎረቤት ውሻና ድመት ይበላሉ የሚለው ስም ማጥፋት በቴሌቪዥን ከተወራ ወዲህ፣ አገሯን ለጠየቃት ሁሉ "ፍሎሪዳ" ነው የምትለው።

"እኛ እንደዚያ አይደለንም" ብዬ ማልኩላት። ምላሴን በቆረጠው።

የዱባ ሾርባ በትልቅ ድስት ተሸክማ መጣች። ቅድመ አያቶቿ በባርነት ዘመን ለጌቶቻቸው እየሠሩ እንዳይቀምሱት ተከልክለው፣ ነጻ የወጡ ዕለት የጠጡት ሾርባ መሆኑን ለልጆቹ ነገረቻቸው። የአገሯን ተራሮች ሰሌዳው ላይ ሣለች። እዚያ እንግዳ ደጅ ቆሞ "ኦኔ!" ይላል፣ ክብር ለዚህ ቤት እንደማለት፤ ባለቤቱ "ሬስፔ!"፣ አክብሮት ለአንተም፣ ብሎ ያስገባዋል። ልጆቹን ግማሹን በር ላይ፣ ግማሹን ውስጥ አቁማ አስጮኸቻቸው። አትክልት ሲያዩ ፊታቸውን የሚያጨማድዱት የእኛ ልጆች ሾርባውን ደገሙ። ሚርላንድ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም።

ልንጨርስ ስንል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ዳኛቸው ገቡ። እንግዳ ሳይጸለይለት አይሸኝም፣ ደንባችን ነው።

"እህት ሰናይት፣ ከየት ናት?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና በአማርኛ ጀመሩ።

"በዚህች ልጅ አገር ላይ የነገሠውን የጥንቆላ መንፈስ በኢየሱስ ስም እንገሥጻለን!"

"አሜን!" አሉ ልጆቹ።

"አባቶቿ ከሰይጣን ጋር የገቡትን ኪዳን እንሰብራለን!"

"አሜን!" እኔም አልኩ። ጸሎት ስሰማ አፌ ከእኔ ይቀድማል፤ እንዲህ ነው ያደግሁት። ሚርላንድ አንድም ቃል ሳይገባት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ እየወረደ እኛን ተከትላ "አሜን" አለች። ማስቆም ነበረብኝ። ጋሼን ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ኢስትሙር፣ ወደ ቤቷ ስነዳ "ምን ብለው ነው የጸለዩልኝ? ልቤን ነው የነኩት" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"ባረኩሽ" አልኳት።

"ኖ ማሚ፣ ዛትስ ኖት ዋት ሂ ሴድ" አለች የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ማራናታ ከኋላ ወንበር። ውሸት አትወድም፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። አንድም ሳታስቀር ተረጎመችላት፤ ጥንቆላውን፣ ሰይጣኑን፣ አባቶቿን። ቀይ መብራት ይዞኝ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ።

ሚርላንድ እኔን አላየችኝም። ወደ ልጄ ዞረች።

"እኔም አሜን ብያለሁ?"

"የስ" አለቻት ማራናታ። "ኤቭሪ ታይም።"